በሸክላና በክር የቀረ ናፍቆት

(በጅግጅጋ ከተማ የተደረገ ዲስኩር)



ለዚህ ጉባኤ ስለ ዜማና ስለ ትዝታ አንድ ዲስኩር እንዳደርግ የሚጠይቀው የጥሪ ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት ማታ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አስቀድሜ የከፈትሁት አባቴ ትተውልኝ የሄዱትን የሸክላ ሣጥን ነበር። አባቴ በዚህች ከተማ በመምህርነት ሲያገለግሉ፣ እኔም ገና ፊደል በምቆጥርበት ዕድሜ፣ አንድ የግሪክ ነጋዴ በድሬዳዋ የነበረውን ሱቅ ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሸጠው ዕቃ መካከል አንድ ግራሞፎንና ጥቂት ሸክላዎች ገዝተው አምጥተው ነበር። ከእነዚያ ሸክላዎች አንደኛው፣ ዳሩ የተሸረፈው፣ በመካከሉ ያለው ወረቀት ከመነካካት ብዛት የደበዘዘው፣ ዛሬ ስለ እርሱ ልነግራችሁ የመጣሁት የታንጎ ቫልስ ነው። ሁለተኛም በኪሴ አንድ ካሴት ይዣለሁ፤ እርሱን ግን እስከ መጨረሻው አላወጣውም።

ነገሬን በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ። አስቀድሜ ያ ቫልስ ምን እንደ ሆነና ሐዘኑ ከወዴት እንደሚመጣ፤ ቀጥዬ በእናንተ መንገድ ላይ ያደገው የበልዎ ዘፈን ከእርሱ ጋር በምን እንደሚዛመድ፤ ከዚያም እነዚህን ድምፆች ስለ ያዙት ስለ ሸክላውና ስለ ካሴቱ ክር ጥቂት እላለሁ። አሳቤ ግን በሦስቱም አንድ ነው፤ እርሱም ሐዘን ምት ሲጠብቅ ናፍቆት ይሆናል የሚል ነው።

የቫልሱ ስም ዴስዴ ኤል አልማ ይባላል፤ በእስፓንያ ቋንቋ «ከነፍስ» ማለት ነው። የደረሰችው ሮሲታ ሜሎ የምትባል በሞንቴቪዴዎ ተወልዳ በቦነስ አይረስ ያደገች ልጅ ስትሆን፣ ዜማውን ስታወጣ ዕድሜዋ 14 ዓመት ብቻ ነበር። ገና የምትናፍቀው ያለፈ ዘመን የሌላት ሕፃን እንዲህ ያለውን ናፍቆት ከወዴት አመጣችው? ይህን ጥያቄ ለረዥም ጊዜ በኅሊናዬ ሳወጣና ሳወርድ ከኖርሁ በኋላ፣ መልሱ ከልጅቱ ይልቅ በከተማዋ ውስጥ መሆኑን ተረዳሁ። ቦነስ አይረስ በዚያ ዘመን ከኢጣልያና ከእስፓንያ በመርከብ የፈለሱ፣ እናትና ሚስታቸውን በባሕር ማዶ የተዉ እልፍ አእላፍ ስደተኞች የሚኖሩባት የወደብ ከተማ ነበረችና፣ ናፍቆት በዚያ የአንድ ሰው ሕመም መሆኑ ቀርቶ እንደ አየር ኹሉም የሚተነፍሰው ነገር ሆኖ ነበር፤ ልጅቱም የተነፈሰችውን ተጫወተች።

ታንጎ ራሱ በኹለትና በአራት ምት የሚሄድ ሲሆን፣ የታንጎ ቫልስ የሚባለው ግን በሦስት ምት ይሄዳል። እጃችሁን በጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ብትቆጥሩት፣ አንደኛው ምት ከበድ ብሎ ይወድቃል፣ ኹለቱ ቀለል ብለው ይከተሉታል፤ ከበድ፣ ቀለል፣ ቀለል። ሰው በኹለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ስለ ሆነ፣ ሦስት ምት ሲሰማ አንድ ጊዜ ቀኙ፣ አንድ ጊዜ ግራው በከባዱ ምት ላይ ይወድቅበታል፤ ስለዚህም ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ መዞር ይጀምራል። ቫልስ የሚዞሩበት ጭፈራ የሆነው ስለዚህ ይመስለኛል። ናፍቆትም እንደዚሁ ነው፤ ወደ ፊት የሚሄድ እየመሰለ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ላይ ይደርሳል።

በዚያ ሸክላ ላይ ቃል የለም። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ፣ የሚጠራ የፍቅር ስም፣ አንዳችም አይሰማበትም፤ ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ ከእነርሱም ይልቅ ባንዶኔዎን የሚባለው እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥና የሚታጠፍ ሣጥን አለ። ይህ መሣሪያ የተሠራው በጀርመን አገር ሲሆን፣ ኦርጋን ለመግዛት ዐቅም ላነሳቸው አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር ማጀቢያ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በመርከበኞችና በስደተኞች እጅ ባሕር ተሻግሮ ግን የወደብ ዘፈን አጃቢ ሆነ። ለጸሎት የታሰበ ድምፅ ለናፍቆት መዋሉ ክብሩን ያጎደለበት አይመስለኝም፤ የሚናፍቅም ሰው በራሱ መንገድ የሚለምን ነውና። ባንዶኔዎን እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ሲለጠጥ አየር ይስባል፣ ሲታጠፍ ያወጣል። ተጫዋቹም ዜማውን ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ምቱ ጊዜውን ጠብቆ ይወድቃል፣ ዜማው ግን በር ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ እንደሚያይ መንገደኛ ይዘገያል። የሸክላው ሐዘን በሙሉ ያለው በዚህች መዘግየት ውስጥ ነው። ምቱ ከሌለ መዘግየቱ አይታወቅም፤ ሐዘን ምት ሲጠብቅ ናፍቆት ይሆናል ማለቴም ይህ ነው።

ነገሩን ከለቅሶ ቤት ብናየው ይበልጥ ይገለጥልናል። መርዶ የሰማ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል፣ መሬት ይወድቃል፤ ይህ ምት የሌለው ሐዘን ነው። አልቃሿ ስትመጣ ግን ስንኝ ትሰጠዋለች፤ ለቀስተኛው በአንድነት ይቀበላታል፣ ድምፁ ከድምፅ ጋር ይገጥማል፣ እንባውም ሥርዐት ያገኛል። ሟቹ አልተመለሰም፤ ነገር ግን ሐዘኑ ሌላ ሰው ሊሸከመው የሚችል ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ቫልስና ስለ ከተማችሁ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ልቡናዬ አይፈቅድልኝም። ጅግጅጋን ገዥ ሆነው ባስተዳደሩበት ጊዜ እነዚህን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያስተለሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የደረሱት ሰው መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኒህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምረው ያደጉትና የተማሩት ቫልስ በየአዳራሹ በሚሰማበት በሩሲያ አገር ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚህ ሜዳ ላይ መንገድ ሲያስለኩ፣ ያ የሦስት ምት ዜማ አንዳንድ ማታ ወደ አሳባቸው ይመጣ የነበረ ይመስለኛል። አባቴ ያን ሸክላ በመስኮቱ ሥር ሲያጫውቱት፣ ቫልስ ለጅግጅጋ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም ብዬ ማሰብ የምወደው ስለዚህ ነው።

ከባሕር ማዶው ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ለእንዲህ ያለው ዜማ ስም ለማውጣት አንቸገርም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብለን ስንቆጥር፣ ሦስተኛው አራራይ የተባለው ልብን የሚያራራ ስለ ሆነ ነው እያሉ ሊቃውንቱ ይፈቱታል። በዓለማዊውም ዘፈን ትዝታ የምንለው ቃል በአንድነት የማስታወስ ስም፣ የዘፈን ስም፣ የቅኝትም ስም ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ሕዝብ፣ ናፍቆት ከዜማ ተለይቶ እንደማይኖር ከቀድሞ ጀምሮ የተረዳ ሕዝብ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በፒያኖ የተጫወቱትን ስሰማ፣ ግራ እጃቸው እንደ ቫልስ ሲዞር ቀኝ እጃቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና የትዝታውን ቅኝት ያስታውሰኛል። እኒህ እናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በጠላት እጅ ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው የነበሩ ናቸው፤ የመጀመሪያ ሸክላቸውም በ1967 በጀርመን አገር ወጣ። ግዞትን በልጅነቱ የቀመሰ ሰው እንዴት ያለ ዝግታ እንደሚማር እርሳቸውን ሰምቶ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ኹለተኛው ነገሬ ልምጣ፤ በእርሱም ጥቂት ብዘገይ ታገሡኝ፤ ከኹሉ ይልቅ ልናገረው የመጣሁት ይህ ነውና።

በልጅነቴ ከቤታችን አጥር ወዲያ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ አዴር እያልን ነበር የምንጠራቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ በቶጎ ውጫሌ ገብተው፣ ጅግጅጋ ዐድረው፣ ካራማራን ተሻግረው ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ሲመላለሱ ኖረዋል። ማታ ማታ ራዲዮናቸውን ወደ ሐርጌሳ ያዞሩታል። ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች፣ ለሐርጌሳ ግን የቀረበች ከተማ ናትና፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል። አባቴም ወንበራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ይጠጋሉ። ኹለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡባቸው ቃላት ከኀምሳ አይበልጡም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ዘፈኑን አዳምጠው ሲያበቁ «አዴር፣ ይኼ እኮ ትዝታ ነው!» አሉ። ሽማግሌውም ቃሉን አያውቁትም ነበርና ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ አባቴ መተርጎም ቢያቅታቸው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካራማራ አመለከቱ። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርሳቸውም እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ምሥራቅ አመለከቱ።

አባቴ የተሳሳቱ አልነበሩም። የሶማሌ ዜማ እንደ ደገኛው ዜማ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ቃሉን የማያውቅ የደጋ ሰው የሶማሌ ዘፈን ሲሰማ የእናቱን ቤት ያስታውሳል፤ ትዝታ የሰማም የሶማሌ ሰው እንደዚሁ የራሱን ያገኝበታል።

ያ በራዲዮ ይሰማ የነበረው ዘፈን የተወለደው ከበልዎ ነው። የበልዎ አባት የሚባለው አብዲ ሲኒሞ፣ ከቦረማ ወገን የሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ በዘይላና በቦረማ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ ያረፈውም በ1967 ነው። ሲኒሞ የሚለው ቅጽል ስሙ ሲኒማ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አንድ ቀን መኪናው በመንገድ ተበላሽታ በበረሓ ውስጥ ሲቀር፣ በዚያ በመቆሙ ጭንቀት ከአፉ የወጣው እንጉርጉሮ የበልዎ መጀመሪያ ሆነ ተብሎ ይተረካል። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በልዎ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ፍችው መከራ፣ ፈተና ማለት ነው። ፍቅርን መከራ ብሎ የሰየመ ዘፈን ነው።

ሹፌሮች ሆይ፣ የሹፌር ልጆችም ሆይ፣ በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ ዐውቃለሁና ለእናንተ እናገራለሁ። መርከበኛው የወደቡን ዘፈን እንደ ወለደ፣ የበረሓውን ዘፈን የወለደው የመኪና ሰው ነው። በግመል የሚሄድ ሰው ቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሚስቱም ልጆቹም ከጭነቱ ጋር ናቸው፤ ገበይ የሚባለው ረዥሙ ግጥምም በግመል እርምጃ ተሠርቶ ከመቶ ስንኝ ሊያልፍ ይችላል። መኪና ግን በአንድ ቀን ሰውን ከቤቱ አርቆ ይወስደዋል። ሹፌሩ ማታ በማያውቀው ከተማ ሻይ ሲጠጣ አካሉ ደርሷል፣ ልቡ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። በልዎ እጅግ አጭር የሆነው፣ ጥቂት ስንኝ ብቻ ይዞ የሚያልቀው፣ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። መኪና ውኃ እስኪጨመርላት፣ ጎማ እስኪለወጥ ድረስ የሚዘፈን ዘፈን ነው። የአባቴም ሸክላ በአንድ ፊቱ ከሦስት ደቂቃ ብዙም የሚበልጥ ድምፅ አይዝም ነበር፤ ናፍቆት ጊዜ ሲጠብበው ይጠራል።

ኹለቱም ዘፈኖች በተወለዱበት ዘመን ተነቅፈዋል። ታንጎ የመጠጥ ቤት ጭፈራ ነው ተብሎ ጨዋ ቤተ ሰብ ይጸየፈው ነበር፤ በልዎም ወጣቱን ያባልጋል ተብሎ ከሼኮችና ከሽማግሌዎች ብዙ ተግሣጽ ደርሶበታል፤ ኋላም ተራዝሞና ተሻሽሎ በራዲዮ ሲቀርብ፣ የተነቀፈውን ስም ትቶ ሄሎ ተባለ። የነቃፊዎቹን ልብ አልወቅስም፤ ለልጆቻቸው የፈሩ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የናፈቀን ሰው ዝም በማሰኘት ናፍቆቱ እንደማይጠፋ የኢልሚ ቦደሪ ሕይወት አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ኢልሚ በበርበራ ዳቦ ቤት ይሠራ የነበረ ድኻ ሲሆን፣ ሆዳን የምትባል ልጅ ወድዶ፣ እርስዋም ለሌላ ተድራ፣ እርሱ ስለ እርስዋ ሲገጥም ኖሮ በወጣትነቱ ሞተ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ ድረስ በፍቅር የሞተ ሰው እያለ ይተርከዋል። በሕይወቱ ሳለ ወንድ ልጅ ስለ ሴት እንዲህ መሆኑ ነውር ነው ብለው የሣቁበት ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ የሣቁበት ሰዎች ስማቸው አይታወቅም።

በልዎ መጀመሪያ በጭብጨባና በከበሮ ብቻ ይዘፈን ነበር። ኡዱን፣ ሶማሌዎች ከባን የምትሉትን፣ በዚህ ዘፈን ውስጥ ከፍ ባለ ቦታ ካስቀመጡት መካከል በታንጋኒካ በሞሺ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የተወለደው አብዱላሂ ቃርሼ ቀዳሚው ነው። ስለ ኡድና ስለ ባንዶኔዎን ልዩነት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ባንዶኔዎን ትንፋሽ ስላለው አንዱን ድምፅ እስከ ወደደ ድረስ ይይዘዋል፤ ኡድ ግን አውታሩ ሲነካ ድምፁ በተወለደበት ቅጽበት መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ድምፁ እንዳይሞትበት ደጋግሞ ይነካዋል፤ እንደገናም፣ እንደገናም። የባንዶኔዎን ሐዘን አልለቅም የሚል ሰው ሐዘን ነው፤ የኡድ ሐዘን ግን የሚያመልጠውን ደጋግሞ የሚጠራ ሰው ሐዘን ነው። ቀራሚ የምትሏቸው አሮጌዎቹ የፍቅር ዘፈኖች፣ ኡዱ ብቻውን ሲጀምራቸው፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ነገሩ ኹሉ አስቀድሞ የተነገረ የሚመስለኝ ስለዚህ ነው። ከዚያ ከበሮው ይገባል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ሐዘኑም ምት ያገኛል።

ሦስተኛው ነገሬ አጭር ነው። ታንጎ የሚለው ቃል በአገራችን ከጭፈራነት አልፎ የሙዚቃ ቤት ስም ሆኖ ነበር፤ በአዲስ አበባ አሊ ታንጎ እየተባሉ የታወቁት አሊ አብደላ ኬይፋ፣ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በሸክላ ያወጡ ሰው ናቸው። የደገኛው ትዝታ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም በሸክላ ቀርቶልናል። የዚህ አገር ዘፈን ግን ይበልጡን የቀረው በራዲዮ ክርና በካሴት ነው፤ ክርም እንደ ሸክላ አይጸናም፤ ሙቀት ያጠፋዋል፣ አቧራ ይበላዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ሐርጌሳ በጦርነት ከአየር ስትደበደብ የራዲዮው ሠራተኞች ከክሮቹ ከፊሉን በመሬት ውስጥ ቀበሩ፣ ከፊሉንም በየአቅጣጫው አሸሹ። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ወደዚህ መጣ፤ ሐርታሼክም በዓለም ካሉት ኹሉ የሚበልጥ የስደተኞች ሰፈር እስከ መባል ደረሰ፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ምን ይዞ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ ልጅ፣ ውኃ፣ ጥቂት እህል። ከእነዚህ ጋር ካሴት ይዘው የወጡ ሰዎች ነበሩ።

የእነዚህ ካሴቶች ድምፅ አርጅቷል፣ ይንሿሿል፣ ይጠራልን የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ መልካም ነው፣ የሚቻለው ኹሉ ይደረግ። እኔ ግን በበገና አስባለሁ። በበገና አውታርና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ትንሿ ቁርበት፣ ድምፁ ጥርት ብሎ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም እየነዘረ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የምትደረግ ናት፤ በዐቢይ ጾም በገና የሚሰማ ሰውም ያ ንዝረት ይወገድልኝ አይልም። የአባቴ ሸክላ ሲንሿሿ፣ ድሬዳዋ ሱቅ ውስጥ የቆየበት ዘመን፣ በመኪና ካራማራን የወረደበት ቀን፣ የአባቴም ጣት አብረው የሚሰሙ ይመስለኛል።

አሁን ካሴቱን ከኪሴ ላውጣው። ይህን የሰጡኝ በሐርታሼክ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው አንዲት እናት ናቸው፤ ከባላቸው የቀረ ነው፤ ወተት ልገዛ ገብቼ ዘፈኑን ቆሜ ስሰማ ቢያዩኝ፣ ግልባጭ አለኝ ብለው ሰጡኝ፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። በላዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ከራዲዮ የተቀዳ ነው፤ አቅራቢው ስም መጥራት ሲጀምር ቀጂው ቁልፉን ዘግይቶ ስለ ተጫነው፣ የሚሰማው የስሙ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ ኡድ ብቻውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ይህን ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተጫዋቹ በየሐረጉ መጨረሻ ላይ ዝቅተኛውን አውታር አንድ ጊዜ ይነካና ያቆማል፤ ከምቱም ጥቂት ዘግይቶ እንደገና ይገባል፣ ልክ እንደዚያ በር ላይ ዘወር እንደሚል መንገደኛ።

በዚህ አዳራሽ በፊተኛው ረድፍ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች አላችሁ። በእናንተ ዘመን እያንዳንዱ የኡድ ተጫዋች በጣቱ ይታወቅ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። እንግዲህ ካሴቱን አጫውተዋለሁ፤ ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ያለውን ያን አንድ ደቂቃ ስሙልኝ፤ ይህ የማን እጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ካለ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ፣ ያለ ይሉኝታ ከተቀመጠበት ይንገረኝ።